የአያታችሁን ስም ከዕድሩ መዝገብ ፈልጉ

አያታችሁ የት ተወለዱ? አባታቸውስ ማን ይባላሉ? ስንቶቻችን ነን ሳናመነታ የምንመልስ? የድሮ ሰው ለጋብቻ ሲል ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር። ከተማ ያደገ ልጅ ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ወረቀት እንፈልግ ብንልም ብዙ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ቢያዝም ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ አልዋለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሰበታ ወይም ቡራዩ ያረፈ ሰው ስሙ በመንግሥት መዝገብ ላይኖር ይችላል። ዕድርተኛ ከነበረ ግን ዕድሩ ጽፎታል፤ ገንዘብ ወጥቶበታላ!

ይህ የፍለጋ ዘዴ በሌላውም ዓለም አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ጀርመኖች በየከተማው የዘፈን፣ የጂምናስቲክና የመረዳጃ ማኅበራት ነበሯቸው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ቅድመ አያታቸው ከየትኛው መንደር እንደመጡ ለማወቅ የእነዚያን ማኅበራት የአባላት መዝገብ ያገላብጣሉ።

የእኛም ከተሞች የመጤ ከተሞች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከነባሩ ገበሬ ጎን በየመንገዱ የመጣ ሰው ሰፍሯል። የሚቀብረው ወገን እንዳያጣም ዕድር ገብቷል።

መዝገቡ ውስጥ ምን አለ?

አንደኛ፣ ስም እስከ አያት ከተጻፈ በአንድ መስመር ሦስት ትውልድ አገኛችሁ። ሁለተኛ፣ ዕድር የሚከፍለው ለአባሉ ብቻ አይደለም፤ እንደ ደንቡ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለወንድምና ለእህት፣ ለአማትም ይከፍላል። ስለዚህ የዘመድ ስም ከነዝምድናው ይመዘገባል። ሦስተኛ፣ አገር ቤት ሰው ሞቶ መርዶ ሲመጣ ዕድሩ ድንኳን ይጥላል። የዚያን ቀን ወጪ ያገኘ ሰው የሟቹን ስምና ቀኑን፣ አንዳንዴም የመጡበትን ቀበሌ ያገኛል። አራተኛ፣ ባል ሲሞት ሚስት ወይም ልጅ ሲተካ «በሟች ምትክ» ዓይነት ማስታወሻ ይጻፋል፤ ትውልዱን የሚያያይዘው እሱ ነው።

እንዴት እንጀምር?

መጀመሪያ ቤተሰቡ የየትኛው ዕድር አባል እንደነበር ጠይቁ። የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የአገር ልጆች፣ የሴቶች ዕድር አለ፤ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ዕድር ሊኖረው ይችላል። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴም አትርሱ፤ እዚያ የክርስትና ስም ይገኛል።

ከዚያ ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን አነጋግሩ። ወርሃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ የሚያውቋችሁን አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ለቅሶ ባለበት ቀን መዝገብ አውጡልን ማለት ነውር ነው። ፎቶ ለማንሳትም አስፈቅዱ። የሌላ ሰው ቅጣትና ውዝፍ እዳ ካያችሁ እዚያው ይቅር።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። «ቶሎሳ» ሌላ ገጽ ላይ «ቶለሳ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንዱ ጸሐፊ በመጠሪያ ስም፣ ሌላው ሰፈሩ በሚጠራቸው ስም ይጽፋል። አንድ ስም ስላገኛችሁ ብቻ «አያቴ ናቸው» አትበሉ፤ የሚስት ስም፣ ዓመቱና ሰፈሩ መግጠም አለባቸው። የሰሙትን ይዞ ለእናት አባት ታላላቆች ማንበብ ደግሞ ከመዝገቡ ያላነሰ ያስገኛል፤ አንድ ስም ሲጠራ አሥር ታሪክ ይመጣል።

ለምን አሁን?

ብዙው መዝገብ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ጸሐፊው ቤት ሣጥን ውስጥ ወይም ከድስቱና ከአግዳሚው ጋር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ዝናብ አለ፣ አይጥ አለ። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ ሰፈር እየተለወጠ፣ ሰው እየተነሳ ነው። ሰፈር ሲበተን ዕድር ይበተናል። ድንኳኑና ገንዘቡ ይከፋፈላል፤ ደብተሩን ግን ማን ይወስደዋል?

ስለዚህ የዕድር አመራሮች፣ አደራችሁን፦ አሮጌውን መዝገብ አትጣሉ። ወጣቶችም ገጽ በገጽ በስልክ አንስታችሁ አንድ ቅጂ ለዕድሩ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ታማኝ እጅ አስቀምጡ። የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። የብዙ ቤተሰብ የዘር ሐረግ በዚያ ደብተር ላይ ነው ያለው።