የታመመ ሕፃን ይጠጣ፤ ይመገብም

ሕፃን በተቅማጥ ሲታመም ቤተሰቡ ምክር ከሚጠይቃቸው ሰዎች አንዱ የንስሐ አባት ነው። በዚያች ሰዓት የሚነገር ቃል ሕይወት ሊያተርፍ ይችላልና፣ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት ስለ ጉዳዩ መሠረታዊውን ነገር ሊያውቁ ይገባል።

ጉዳቱ ከምን ይመጣል?

በተቅማጥ የታመመን ሕፃን ብዙውን ጊዜ ለሞት የሚያደርሰው ከሰውነቱ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይደርቃል። ሆኖም «አንጀቱ ይረፍ» ብለው ጡትና ምግብ የሚከለክሉ፣ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብለው ችላ የሚሉ፣ ግግ የሚያስነቅሉና እንጥል የሚያስቆርጡ ወላጆች አሁንም አሉ። መከልከሉ ድርቀቱን ያፋጥናል፤ መንቀሉና መቁረጡም ደም መፍሰስንና የቁስል መመረዝን ያስከትላል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከወትሮው አብልጦ ይጥባ። ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጥበጥ። በውስጡ ያለው ስኳር ጨውን፣ ጨውም ውኃን ይዞ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባ የውኃውን መጠን መቀነስም መጨመርም አይገባም።

ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ ከፍ ያለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያለ ይጠጣ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ይሰጠው። ከ24 ሰዓት ያለፈው ብጥብጥ ይደፋ። ባለሙያው የሚያዝዘው ዚንክም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀናት ሳይቋረጥ ይሰጥ።

የሕፃኑ ዓይን ከሰረጎደ፣ ሰውነቱ ከዛለ ወይም ራሱን ከሳተ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ በሰገራው ደም ከታየ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ የሚያዘገዩት ግን መሆን የለባቸውም።

ጾም ሲገባ

ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ጋር ወፈር ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ እንቁላልና ወተት ያስፈልገዋል። ከሕመም ሲያገግምም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ይሰጠው፤ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ለሚቀጥለው ተቅማጥ ይበልጥ የተጋለጠ ነውና።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ጹሙ ብላ አታስገድድም። ይሁን እንጂ ዐቢይ ጾም ሲገባ በብዙ ቤት የሕፃኑ እንቁላልና ወተትም አብሮ ይቀራል። እናቲቱ ሥርዓቱን ብታውቅም የጾም ድስቷ በፍስክ እንዳይነካ ትሰጋለች። ገና አንድ ዓመት ለሆነው ልጅ ግን 55 ቀናት ረጅም ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ሳሕንና ማንኪያ ይለይ። «ለልጅሽ ስጪው፤ ጾምሽን አያፈርስብሽም» የሚለው የንስሐ አባት ቃል ከማንም ምክር ይልቅ ያሳርፋታል። የምታጠባ እናትም ስለ ራሷ ጾም ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር።

የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህ ትምህርት ይነገር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሰንበቴና በማኅበር ተጋብዛ የኦ.አር.ኤስ.ን አበጣጠጥ ለእናቶችም ለአባቶችም ታሳይ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ባለው መጸዳጃ ቤት አጠገብ ውኃና ሳሙና ይኑር። ይህን ለመፈጸም የሚጠይቀው ወጪ ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው ግን በደጃችን የተጠመቁትን ሕፃናት ነው።