ስፕሪንግ፦ ከምዕራብ ሐረርጌ የጤና ሪፖርት ጀርባ ያለው የጃቫ ማዕቀፍ

ከሚኤሶ ቆላ ጀምሮ እስከ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ዙሪያ ተራሮች ድረስ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የሚመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር ዛሬ በወረቀት ብቻ አይጓዝም። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ባዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። ይህ ሶፍትዌር የተጻፈው በጃቫ ሲሆን፣ አጥንቱን አያይዞ የያዘው ስፕሪንግ የሚባለው ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ነው። በዚህ ጽሑፍ ስፕሪንግ ምን እንደሆነ ለማስረዳትና ስለ እርሱ የሚወጣው ዜና የጭሮንም ባለሙያ ለምን እንደሚመለከት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ማዕቀፍ ምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራመር ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ሶፍትዌር ሲሠራ ከዋናው ሥራ ይልቅ ጊዜውን የሚበላው ተደጋጋሚው ነገር ነው። ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት፣ የተጠቃሚን የይለፍ ቃል ማረጋገጥ፣ መብራት ሲጠፋ መረጃው ግማሽ ተጽፎ እንዳይቀር መጠበቅ፣ ሌላም ሌላም። ማዕቀፍ እነዚህን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያቀርባል።

የስፕሪንግ ዋና ሐሳብ ግን ከዚህም ያልፋል። አንዲት ነርስ መርፌ ሲያስፈልጋት ፋብሪካ ድረስ አትሄድም፤ ከሆስፒታሉ ግምጃ ቤት ይቀርብላታል። የመርፌው አምራች ነገ ቢለወጥ የእሷ አሠራር አይለወጥም። ስፕሪንግም እንዲሁ ነው። አንዱ የፕሮግራም ክፍል የሚያስፈልገውን ሌላ ክፍል ራሱ አይፈጥርም፤ ማዕቀፉ ያቀርብለታል። በመሆኑም አንዱን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ሲያስፈልግ የቀረውን ማፍረስ አይጠይቅም።

ሐሳቡን ያቀረበው ሮድ ጆንሰን የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ በጊዜው የነበረውን ከባድና አስቸጋሪ የጃቫ አሠራር ተችቶ፣ አማራጩን ከ30 ሺሕ በላይ መስመር ባለው ኮድ አሳየ። ከዚያ ኮድ የተወለደው ስፕሪንግ የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙ በ2004 ወጣ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ባለቤቱ ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ኮዱ ግን ለማንም ክፍትና ነፃ ነው።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር ጉዳይ

ዲኤችአይኤስ የተጀመረው ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ነው። በጃቫ የተጻፈውን ሁለተኛውን ትውልድ የሚያስተባብረው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ ከ70 በላይ አገሮች ውስጥ ይሠራል። ታዲያ የኖርዌይ ሶፍትዌር ስለ ጳጉሜን ምን ያውቃል?

ነገሩ ቀላል አይደለም። መስከረም 2017 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ሲቆጠር ከሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 ነው። 20 ቀኑ በአንዱ ወር፣ 10 ቀኑ በሌላው ይወድቃል። ወባ ደግሞ በአገራችን በብዛት የሚነሣው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሶፍትዌሩ ወሮቹን ካምታታ፣ የሚኤሶ ወረርሽኝ የጀመረበት ጊዜ በሰንጠረዡ ላይ ወዲያ ወይም ወዲህ ይገፋል፤ መድኃኒትና አጎበር የሚልከው ሰው ደግሞ የሚያየው ሰንጠረዡን ነው።

ዲኤችአይኤስ 2 ይህን የፈታበት መንገድ የስፕሪንግ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ ነው። የኢትዮጵያ፣ የኔፓል፣ የፋርስ፣ የታይላንድና ሌሎችም አቆጣጠሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተጽፈዋል። ማዕቀፉ ሁሉንም ሰብስቦ ለአንድ አገልግሎት ያስረክባል፤ አገልግሎቱም በሲስተሙ አስተዳዳሪ የተመረጠውን አቆጣጠር ይሰጣል። ሪፖርት የሚያዘጋጀው የፕሮግራም ክፍል የሚሠራው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። የኢትዮጵያው ክፍል ሲጻፍ የተመሠረተው ጆዳ-ታይም በሚባል የጃቫ ላይብረሪ ላይ ነው። በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የራሱን አዲስ የቀን አያያዝ ይዞ ሲመጣ፣ የጆዳ-ታይም አዘጋጆች ራሳቸው ተጠቃሚው ወደ አዲሱ እንዲዛወር መክረዋል። አዲሱ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሒጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። የእኛን የሚፈልግ ሰው ስሪተን-ኤክስትራ የተባለ ተጨማሪ ላይብረሪ መጠቀም አለበት። እንዲህ ያለ ሽግግር ሲደረግ ጳጉሜን 6 በትክክል መቆጠሯን የሚፈትሽ ኦስሎ ውስጥ ያለ ሰው ነው? እኔ እንደማምነው ስሕተቱ መጀመሪያ የሚታየው በእኛው አገር፣ ሪፖርቱን በሚሞላው ሰው ዘንድ ነው።

ዜናውን መከታተል ለምን?

የስፕሪንግ ዜና በአብዛኛው ስለ አዲስ ዕትምና ስለ ደኅንነት ነው። በማርች 2022 ስፕሪንግ4ሼል የተባለ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። በጃቫ 9ና ከዚያ በላይ፣ ቶምካት በተባለው ሰርቨር ላይ በተለመደው መንገድ የተጫነ የስፕሪንግ ፕሮግራም ለሰርጎ ገቦች ሊጋለጥ እንደሚችል ታወቀ። ማስተካከያው፣ ማለትም ዕትም 5.3.18 እና 5.2.20፣ ወዲያውኑ ወጣ። ይሁንና ማስተካከያ የሚጠቅመው ዜናውን ሰምቶ ለጫነው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የዕትም ዕድሜ ነው። በኖቬምበር 2022 የወጣው ስፕሪንግ 6 ቢያንስ ጃቫ 17ን ይጠይቃል፤ ብዙ የቆዩ የኮድ ስሞችንም ቀይሯል። የቀደመው 5.3 ነፃ ድጋፍ በኦገስት 2024 ተቋርጧል። ስፕሪንግ 7 ደግሞ በኖቬምበር 2025 ወጥቷል። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ውል ሲዋዋል ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ መልካም ነው። የትኛው ዕትም ነው? ድጋፉስ ሲያበቃ ማን ያሻሽለዋል?

ኢንተርኔት ደካማ በሆነበትስ?

የስፕሪንግ ሰነዶች በነፃ የሚገኙ ናቸው። ችግሩ ማውረዱ ነው። ሜቨን የተባለው የጃቫ መገንቢያ መሣሪያ ላይብረሪዎችን አንድ ጊዜ ካወረደ በኋላ በኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን ሁሉ ቀድሞ የሚያወርድ ትእዛዝም አለው። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል። እንደ ጭሮው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ባለ ተቋም ደግሞ አንድ የጋራ ማከማቻ ሰርቨር ቢቆም፣ አንዱ ተማሪ ያወረደውን መቶው ይጠቀምበታል።

ለመማሪያ የሚሆን ኮድም ሩቅ አይደለም። የዲኤችአይኤስ 2 ኮድ ክፍት ስለሆነ ማንም ተማሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የያዘውን ፋይል ከፍቶ ማንበብ፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ጳጉሜን 6 መፈተሽ፣ ስሕተት ካገኘም ለአዘጋጆቹ ማሳወቅ ይችላል። ጳጉሜንን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቆጥር ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ነው።