«ዝቅ ማድረግ»፦ የመኪና ሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ

የቆዩ መኪናዎችን በባለቤቱ ፍላጎት ለውጦ የመሥራት ሙያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ እጅግ ተስፋፍቷል። ስለዚሁ ሙያ የተጻፈውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያነሣው ግስ «ዝቅ ማድረግ» ነው። ግሱ በራሱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ባለሙያዎቹ በአራት የተለያዩ ስሞች የሚጠሯቸውን ተግባራት ጠቅልሎ ስለሚይዝ፣ አንባቢው ምኑ ከምኑ አንጻር ዝቅ እንዳለ ሊለይ አይችልም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1951 የተሠራውን ሜርኩሪ ለምሳሌ እንውሰድ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የጣሪያው ምሰሶዎች ተቆርጠው ቢያጥሩ መኪናው ዝቅ ይላል፤ ሆዱ ከመሬት ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። የጎኑ ላሜራ በወገቡ ዙሪያ ተቆርጦ ቁመቱ ቢቀነስም ነገሩ ያው ነው። ወለሉ ተቆርጦ አካሉ በሻንሲው ላይ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ሻንሲው ካለበት አይነቃነቅም። ሻንሲው ራሱ ከነአካሉ ወደ መሬት የሚቀርበው በአራተኛው ተግባር፣ ማለትም ሞላውና ባሌስትራው ሲነኩ ነው።

ስለዚህ ስያሜው የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ለይቶ ቢጠራ ይመረጣል። ለመጀመሪያው «ጣሪያ ማሳጠር»፣ ለሁለተኛው «ወገብ ማሳጠር» ይበቃሉ። ለሦስተኛው «ማጥለቅ» የሚስማማ ይመስለናል። ካልሲና ቀለበት ማጥለቅ እንደሚባለው ሁሉ አካሉ በሻንሲው ላይ ይገባል፤ በዚያው ቅጽበትም ወደ ታች ይጠልቃል። አንድ ግስ ሁለቱን ፍቾቹን በአንድ ጊዜ ሲያገለግል ማግኘት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዘወትር የሚገጥም ዕድል አይደለም። «ዝቅ ማድረግ» እንግዲህ ለአራተኛው ብቻ ይቀመጥ፤ እርሱም «ሻንሲ ዝቅ ማድረግ» ተብሎ።

በዚህ በአራተኛው ረገድ የጋራዥ አማርኛ ከጣሊያንኛ የወሰዳቸው ቃላት በቂ ስለሆኑ አዲስ መፍጠር አያሻም። ሜርኩሪው ከፊት በጥምዝ ሞላ፣ ከኋላ በባሌስትራ ይቆማል። ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ማራቂያ ይገባል፣ ወይም የባሌስትራው ቅስት እንዲቀና ይደረጋል። ከፊት ከሞላው ጥምዝ ላይ ተቆርጦ ይወጣል። ይህንን «ሞላ ማላላት» ብሎ መተርጎም ውጤቱን ይገለብጠዋል፤ የጥምዙ ቁጥር ባነሰ መጠን ሞላው ይጠጥራል እንጂ አይላላምና። ሞላውን በእሳት አግሎ ማስተኛት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ብረቱ በሙቀት የተሰጠውን ጥንካሬ ስለሚያጣ ውሎ አድሮ ይሰምጣል፣ ሊሰበርም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ሞላ ማሳጠር» ያለ ትርጉም መካኒኩን ለአደጋ ይዳርገዋል።

የስያሜው ጉዳይ ከጋራዥ አልፎ ወደ ሕግም ይገባል። ከ1958 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ከእግሮቹ በቀር ማናቸውም ክፍሉ ከቸርኬው የታችኛው ጫፍ ይበልጥ ወደ መሬት እንዲቀርብ የተለወጠ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሮን አጊሬ የተባለው ባለሙያ በ1959 ገደማ በኮርቬት መኪናው ላይ ከአውሮፕላን የተወሰደ የሃይድሮሊክ መሣሪያ ገጥሞ እንደፈለገ ማንሣትና ማውረድ የቻለው ከዚሁ ሕግ ለማምለጥ ሲል ነበር። እገዳው በ2023 በወጣ ሕግ ተሽሮ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ነገር ግን ተርጓሚው በ«ቸርኬ» ፈንታ «ጎማ» ቢጽፍ ሕጉ ከመነሻውም ምንም አልከለከለም ማለት ይሆናል። የጎማው ታች መሬት የነካ ስለሆነ ከዚያ በታች የሚወርድ ክፍል ከቶ የለም። በዕለት ንግግር «ጎማ» ለላስቲኩም ለመላው እግርም ማገልገሉ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ባለው አንቀጽ ውስጥ ግን ይህ ልማድ አይፈቀድም።

የቀረው «ሎውራይደር» ነው። ቃሉ በሎስ አንጀለስና በአካባቢው በሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ ባደገው ባህል መኪናውንም ነጂውንም ይጠራል። «ዝቅተኛ መኪና» ብሎ መመለስ አይገባም። «ዝቅተኛ» በአማርኛ የማዕረግና የጥራት ማነስን ሲያመለክት፣ እነዚህ ሰዎች ግን መኪናቸውን ወደ መሬት የሚያወርዱት ለክብር ነው። ስለሆነም ቃሉን እንዳለ መዋስ ይሻላል። በአንጻሩ በስፓኒሽ «ባሂቶ ኢ ስዋቬሲቶ» የሚሉት አነጋገራቸው «ዝቅ ብሎ፣ ዝግ ብሎ» ሲባል ያለ አንዳች ጭንቅ አማርኛ ይሆናል።