ከሶፉ ውስጥ ደካማው ማን ነው?

ማጀቴ ላይ ሰላምታ ረዥም ነው። እጅ ይጨበጣል፣ ይሳማል፣ እንደገና ይጨበጣል። ከጀመዓ ሰላት በኋላ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዱዓ ላይ፣ በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ሰው ሳይነካካ አይለያይም። የይፋት ሰው ወጉ ነውና አንነቅፈውም። ይሁንና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ አገራችን መግባቱ ሲነገር ይኸው መዋደዳችን ለአንዳንዱ ወንድማችን ስጋት ሆነ።

ለማን? አዛውንቶቹ ለሁሉም ይታያሉ፤ ለእነርሱ መጠንቀቅም አልከበደንም። የማይታዩት ግን ብዙ ናቸው። ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ኖሮ መድኃኒት ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ኩላሊት የተተካለት፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለአስም ፕሬድኒሶሎን ለረዥም ጊዜ የሚውጥ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለለት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን፤ የእነዚህ ሁሉ ሰውነት በሽታን የመከላከል አቅሙ ደክሟል። ለሌላው ጉንፋን ሆኖ የሚያልፈው እነርሱን አልጋ ላይ ሊጥላቸው ይችላል።

ታዲያ ከመካከላቸው ስንቱ «እኔ ደካማ ነኝ፣ ራቁልኝ» ብሎ ይናገራል? ጎረቤት እንዳያየው ክኒኑን ራቅ ካለ ከተማ የሚያመጣ አለ። ከትዳር ጓደኛው ደብቆ የሚውጥም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «መጀመሪያ ሕመምህን ንገረን፣ ከዚያ እንጠነቀቅልሃለን» ማለት ከባድ ፍርድ ነው። በእኛ እምነት ጥንቃቄው ከጤነኛው መጀመር አለበት፤ በሶፉ ውስጥ ትከሻው ከትከሻችን የገጠመው ማን እንደሆነ አናውቅምና።

ዲናችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ሽታ ይህን ያህል ከተከበደ ሳል ምን ሊባል ነው? ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ.) በሻም ምድር ወረርሽኝ መግባቱን ሲሰሙ ከመንገድ ተመልሰዋል። (በነገራችን ላይ፣ በዚያ ሰሞን በየቤቱ ሲፈላ የነበረው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልስ እንደሆን እንጂ ቫይረሱን አይከለክልም።)

ክትባቱ በአገራችን በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት ጀመረ። አቅሙ የደከመ ሰውነት ግን ከክትባት የሚያገኘው ጥበቃ ከጤነኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእነዚህ ሰዎች ተጨማሪ ክትባት እንዲሰጥ መክሯል። አብሯቸው የሚኖረው ቤተሰብ መከተቡም ለእነርሱ አንድ አጥር ነው። ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻም አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኤች.አይ.ቪ. እጅግ ያዳከማት አንዲት ሴት ቫይረሱን 216 ቀን ተሸክማ ቆይታለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ቫይረሱ በሰውነቷ ውስጥ ደጋግሞ መልኩን እንደለወጠ ሐኪሞች ተመልክተዋል። መድኃኒቷን በሚገባ ስታገኝ ግን ሰውነቷ ቫይረሱን አስወገደ።

መድኃኒት አለማቋረጥ ከሁሉ የሚበልጥ መከላከያ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ የኤች.አይ.ቪ. ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ የሚወስዱበት አሠራር መጀመሩ በወረርሽኙ ጊዜ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በተጨናነቀ ወረፋ መቆምን ቀንሷልና። ሆኖም በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከቤቱ በሌሊት የወጣ ሰው የክኒን ዕቃውን ያስታውሳል ማለት ያስቸግራል። እንዲህ ያለ ተፈናቃይ ዘመድ ያስጠጋን ቤተሰቦች ከእህሉና ከልብሱ ጋር «የምትወስደው መድኃኒት ነበረህ?» ብለን ለብቻው በለሆሳስ እንጠይቀው።

ረመዳንም ሌላው ፈተና ነው። ታማሚ ቢያፈጥር አላህ ፈቅዶለታል፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፣ ሕመሙ የማይለቀው ደግሞ ፊድያ ይሰጣል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ጊዜ ሊወሰድ ይችል ይሆናል። ሰዓቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ መቀየር አይገባም።

በቆላው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባላል። ወባ መሆኑ በምርመራ ይታወቅ፤ አቅሙ የደከመ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቤት ውስጥ እየጠበቀ አይቆይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ አብቅቷል ብሏል። ቫይረሱ ግን ዛሬም በመካከላችን አለ፣ ጉንፋኑም ሳንባ ነቀርሳውም እንዲሁ። ያሳለው ሰው ዙህሩን ቤቱ ይስገድ። ለዱዓ የተሰበሰበው ሁሉ ከአንድ ኩባያ የሚጠጣበት ልማድ ይቅር፤ ኩባያ በየሰው ይቅረብ። በለቅሶ ቤት መስኮቱ ይከፈት። እጅ መሳም የቀረበት ወጣትም ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ቢል፣ ሼኾቻችን አይቀየሙትም።