ማስቆም የማይችል ተቆጣጣሪ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲተር የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት፣ በምህጻሩ ጂኤኦ፣ አንድ ሪፖርት አወጣ። በሪፖርቱ መሠረት የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ይፋ ካደረጋቸው ትላልቅ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች ውስጥ ከፍተኛ ሥጋት አለበት ተብሎ የተመዘገበ አንድም አልነበረም። የአደጋ ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም በሰሌዳው ላይ አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ግን አየር ኃይሉ ከ2005 ጀምሮ ሲያስገነባ የቆየውን የሎጂስቲክስ ሲስተም ሰረዘ። እስከዚያ ቀን አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ከ200 በላይ አሮጌ ሲስተሞችን ይተካል የተባለለት ሥራ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳይሰጥ ቀረ። ይቀጥል ቢባል ሌላ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ገንዘብም የሚደረስበት ከመጀመሪያው ዕቅድ ሩቡ ብቻ ነው፣ ያውም በ2020። (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥት ገንዘብ በሶፍትዌር መቅለጡ አዲስ ነገር አይደለም፤ በየአገሩ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ አሜሪካ በዚያን ጊዜ የቁጥጥር ችግር ነበረባት ለማለት የማያስደፍር መሆኑ ነው። ሕጉ ነበር፣ ኃላፊው ነበር፣ ኦዲተሩ ነበር፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ድረ ገጽም ነበር። ያልነበረው ፕሮጀክቱን «በቃ» ብሎ የማስቆም ሥልጣን ያለው፣ ማስቆሙም የሚጠቅመው ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ኖሮ ይህ ሰው ከሌለ ቁጥጥሩ የሪፖርት ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1990ዎቹ ነው። በ1994 ሴናተር ዊልያም ኮኸን የፌዴራል መንግሥቱ የኮምፒውተር ግዢ ምን ያህል የተዝረከረከ እንደሆነ የሚያሳይ ሪፖርት አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ እርሳቸውና የምክር ቤት አባሉ ዊልያም ክሊንገር ያረቀቁት ሕግ ጸደቀ፤ እያንዳንዱ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኢንፎርሜሽን ዋና ኃላፊ እንዲኖረው አዘዘ። ሕጉ ማዕረጉን ሰጠ፤ ገንዘቡን ግን አልሰጠም። በጀቱ እንደ ድሮው በየዘርፉና በየመምሪያው እጅ ቆየ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ መመሪያ ያወጣል፣ አስተያየት ይሰጣል፤ ውሉን የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው። በቢሮ ሥራ ያለፈ ሰው የዚህን ትርጉም ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2009 የመጀመሪያው የፌዴራል መንግሥት የኢንፎርሜሽን ዋና ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ቪቬክ ኩንድራ ነገሩን በግልጽነት ሊፈቱት ሞከሩ። በጁን ወር በተከፈተው ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ ፕሮጀክት በጀቱ፣ የጊዜ ሰሌዳውና ያለበት ሁኔታ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ይታይ ነበር። ከጎኑ ደግሞ የኃላፊው ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶው ቀልድ አልነበረም። ማንም ዜጋ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ሰው እጅ እንዲህ ሆኗል» እንዲል ታስቦ የተለጠፈ ነው።

ቀለሙን የሚቀባው ማን ነው? ራሱ ፎቶው የተለጠፈው ኃላፊ። ተማሪ የራሱን የፈተና ካርድ ሞልቶ ለአባቱ እንደሚያመጣው ማለት ነው። ቀይ የቀባ ኃላፊ ምክር ቤት ይጠራል፣ ጋዜጠኛ ይደውልለታል፣ በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ይነካበታል። አረንጓዴ የቀባ ጎረቤቱ በሰላም ውሎ ያድራል። በዚህ ዓይነት ሒሳብ ሰው አረንጓዴ ቢያበዛ በሥነ ምግባሩ ብቻ ልንወቅሰው አንችልም፤ አሠራሩ የሚከፍለው ለዚያ ነው። የመከላከያው ሰሌዳ ቀይ ያልነበረበትን ምክንያት እኔ የማየው ከዚህ አንጻር ነው።

በዚያው ዘመን የተሻለ ያደረገ መሥሪያ ቤትም አለ፤ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት። በጁላይ 2009 ከጊዜያቸው የዘገዩ ወይም ከበጀታቸው ያለፉ 45 ፕሮጀክቶችን ባንድ ጊዜ አገደ። ከፊሎቹ ተስተካክለው ተመለሱ፣ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ይህን ለማድረግ የቻለው ሠራተኞቹ ከሌላው የተለዩ ስለሆኑ አይመስለኝም። ኮንግረስ ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህን መሥሪያ ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በጀት ሰብስቦ ለአንድ ኃላፊ አስረክቦ ነበር። ቦርሳው በእጁ ያለ ሰው «ቁም» ሲል ይቆማል።

ቦርሳው በማንም እጅ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2013 ታየ። የፕሬዚዳንት ኦባማ የጤና መድን ሕግ ዋና መግቢያ የሆነው ድረ ገጽ ኦክቶበር 1 ቀን ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን መጨረስ የቻሉት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ስድስት ሺሕ አላልኩም። ሥራው 33 ኩባንያዎች በያዟቸው 60 ውሎች ተበጣጥሶ ነበር፤ ሁሉንም አገጣጥሞ «ይህ ገና አልደረሰም» የሚል አንድ ባለቤት አልነበረውም። ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። ከመከፈቱ ወራት ቀደም ብሎ አማካሪ ድርጅት መጥቶ አደጋውን ለከፍተኛ ባለሥልጣናት አስረድቷል። የመክፈቻው ቀን ግን የፖለቲካ ቀጠሮ ሆኖ ነበርና የሚያራዝመው አልተገኘም። በዚህ መሀል የዋናው ተቋራጭ ውል ከ56 ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ በ2014 መጀመሪያ ላይ ከ209 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

ከዚህ ውርደት በኋላ፣ በዲሴምበር 2014፣ ኮንግረስ ፊታራ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ሕግ አወጣ። ከመጀመሪያው ሕግ 18 ዓመት ዘግይቶ የኢንፎርሜሽን ኃላፊው በበጀቱና በውሉ ላይ ፊርማው እንዲኖርበት አደረገ። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪም ጂኤኦ የመንግሥትን የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ግዢ በከፍተኛ ሥጋት መዝገቡ ውስጥ አስገባው። ሕግ አውጪዎቹ ግን በሕጉ ብቻ አልተማመኑም። የምክር ቤቱ የቁጥጥር ኮሚቴ ከጂኤኦ ጋር ሆኖ ለ24ቱ ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች እንደ ትምህርት ቤት በፊደል ውጤት መስጠት ጀመረ። በኖቬምበር 2015 በወጣው የመጀመሪያ ካርድ ኤ ያገኘ የለም። ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ናሳ ከትምህርትና ከኢነርጂ መሥሪያ ቤቶች ጋር ኤፍ ተሸክሞ ወጣ።

በካርዱ ውስጥ ከሌላው ሁሉ የምወደው አንድ መለኪያ ነበር። ሥጋትን በግልጽ ማሳየት የሚለው ላይ ጥሩ ነጥብ ያገኝ የነበረው ከፕሮጀክቶቹ ውስጥ ብዙውን ቀይና ቢጫ ብሎ የመዘገበ መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉም አረንጓዴ ነው ብሎ የመጣው ይወድቅ ነበር። የቀለሙ ዋጋ ተገለበጠ ማለት ነው፤ እውነቱን መናገር የሚያስቀጣ መሆኑ ቀርቶ የሚያሸልም ሆነ። ሰዎቹ አልተቀየሩም፣ ድረ ገጹም ያው ነው። አስተዋይ የኢኮኖሚ ባለሙያ በጸጥታ የሠራው ሥራ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ይህም ሊታለፍ ይችላል፤ ነጥብ ለማግኘት ብሎ ደህናውን ፕሮጀክት ቢጫ የሚቀባ አይጠፋም። ግን በትርፍ ጥንቃቄ የሚመጣ ስህተት አንድ ቢሊዮን ዶላር አያስወጣም።

ካርዱ ያልነካው ትልቅ ነገር የነባር ሲስተሞች ወጪ ነው። በ2015 የበጀት ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ካወጣው ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሦስት አራተኛው ያህል የሄደው ያሉትን ለማስኬድና ለመጠገን ነው። ጂኤኦ በሜይ 2016 እንደገለጸው ከ7,000 ገደማ ፕሮጀክቶች ውስጥ 5,233ቱ ሙሉ በጀታቸውን በዚሁ ይጨርሳሉ። የኑክሌር ኃይሉን ሥምሪት የሚያስተባብረው ሲስተም በ1970ዎቹ በተሠራ የአይቢኤም ኮምፒውተር ላይ ባለ ስምንት ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ይጠቀም ነበር፤ ፍሎፒው የተነሳው በ2019 ነው። የግብር ከፋዮችን መዝገብ የሚይዘው ዋናው የአገር ውስጥ ገቢ ሲስተም የተጻፈው ደግሞ ዛሬ ጥቂት ወጣት ባለሙያ ብቻ በሚማረው አሴምብሊ በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በኤፕሪል 2020 ኮሮና ሥራ አጡን ሲያበዛው የኒው ጀርሲ ገዥ በቴሌቪዥን ወጥተው የግዛቲቱ የሥራ አጥ ክፍያ ሲስተም የተጻፈበትን ኮቦል የተባለ አሮጌ የኮምፒውተር ቋንቋ የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች ይምጡልን ብለው ለመኑ። በዚያ ሳምንት ክፍያውን ሲጠብቅ ለነበረ ሰው የሲስተም ዕድሜ የባለሙያዎች ወሬ ብቻ አልነበረም።

አሮጌው የማይቀየረው በስንፍና አይደለም። በጀት በየዓመቱ ይመደባል፤ አሮጌውን ለማስኬድ የሚፈለገው ገንዘብ ዓምናም የነበረ ስለሆነ ያለ ጥያቄ ያልፋል። አዲስ ለመገንባት ግን ለሁለትና ሦስት ዓመት የአሮጌውንም የአዲሱንም ወጪ አንድ ላይ መሸከም ግድ ነው፤ ቁጠባው የሚመጣው ኋላ ነው፣ ያኔም የሚመሰገነው ምናልባት ሌላ ሹም ነው። ኮንግረስ በ2017 ባወጣው ሕግ ለዚህ የሚሆን ፈንድ አቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቶች ከዚያ ወስደው አሮጌውን እንዲቀይሩ፣ ከቁጠባቸውም እንዲመልሱ ታሰበ። በ2021 አንድ ቢሊዮን ዶላር ተጨመረበት። በዓመት ከ80 ቢሊዮን በላይ ለሚያወጣ መንግሥት ግን ጅምር እንጂ መፍትሔ አይደለም።

እኛ ዘንድ ይህ ጉዳይ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። ወረዳዎችን በኔትወርክ ያገናኘው የወረዳኔት ዘመን አልፎ፣ በዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ሥር የተተከሉት ሲስተሞች ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት አግኝቷል፣ የመንግሥት ግዢም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲስተም እየገባ ነው። የዓለም ባንክ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ለዲጂታል መሠረት ግንባታ 200 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2016 ደግሞ ለዲጂታል መታወቂያ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። የመገንቢያው ገንዘብ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። የማስኬጃው ግን ሌላ ነው። ፕሮጀክት ሲሆን በካፒታል በጀት ወይም በብድር ይመጣል፤ የራሱ ጽሕፈት ቤት፣ አማካሪና የውጭ ምንዛሪ ይኖረዋል። ሲያልቅ ርክክብ ይደረግና ሲስተሙ ደመወዝ ከፍሎ ትርፍ ወደማይቀረው መደበኛ በጀት ይወርዳል። የሠለጠነው ባለሙያ ወደ ባንክ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል። ባለጉዳዩ መስኮቱ ላይ ደርሶ የሚሰማው «ዛሬ ሲስተም የለም» የሚለውን ነው። በሰኔ ደግሞ ያልተጠቀሙበት በጀት ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ኮምፒውተር ይገዛል፤ ኮምፒውተር መግዛት ቀላል ነው፣ የጥገና ውል መፈረም ግን ከሐምሌ አንድ ወዲያ የሚታይ ግዴታ ነው።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። መዋቅሩ ከጂኤኦና ከኮንግረሱ ኮሚቴ ያን ያህል የራቀ አይደለም። እኔ ብሆን የምጨምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ሲስተም ገና ሳይጀመር በመሀል የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው በስሙ እንዲታወቅ፣ ካስቆመም እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ ሥራ እንዲቆጠርለት ነው። የአሜሪካው ካርድ ቀዩን የሸለመው በዚሁ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ዶላር ነው። ለመረጃ ቋት፣ ለደህንነት፣ ለሰርቨር የሚከፈለው የሶፍትዌር ፈቃድ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። የዓመት ፈቃዱ 100,000 ዶላር የሆነ አንድ ሲስተም አለ እንበል። ከ5.7 ሚሊዮን ብር ተነስቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሆኗል፤ የተጠቃሚው ቁጥር አንድ ሰው ሳይጨምር፣ አገልግሎቱም ባለበት ሆኖ። ፕሮጀክቱ ሲፈረም የአምስት ዓመቱ ማስኬጃ በብርም በዶላርም ተሰልቶ በውሉ ካልተያዘ ጥያቄው ገንዘብ ሚኒስቴር የሚደርሰው ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በዚያ ሰዓት መረጃው ሁሉ በሻጩ ሲስተም ውስጥ ነው፤ የሚደራደርበት ነገር ያለው ሻጩ ብቻ ነው።