ሳህን ከግድግዳ ላይ እንዳይወድቅ

ቤት ሲያምር ሰው ደስ ይለዋል። በገጠር ብዙ እናቶች ሰፌዱንም፣ አበባ የተሣለበትን ሳህንም ከግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። በሐረር ከተማ ደግሞ ይህ ነገር ትልቅ ጥበብ ነው። ከጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት የሐረሪ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ሴቶች በሰፏቸው ስፌቶችና በሳህኖች ተሸፍኖ ያያል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በግንቡ ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራርም ተቆጥሮለት ነው።

የሐረር ቤት ግድግዳ የድንጋይ ነው፤ ሸክም ይችላል። በብዙ ገጠር ያለው ቤት ግን የእንጨትና የጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ሚስማር አይዝም። ይህን የተማርነው አጥፍተን ነው።

ያረፍንበት ቤት እመቤት ለሠርጋቸው የተሰጠቻቸው አንዲት የሸክላ ሳህን ነበረቻቸው። «ልጆቼ፣ እስቲ ይቺን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉልኝ፤ ጥጃው እንዳይሰብርብኝ» አሉን። እኛም የተማርን ነን ብለን ከመደቡ በላይ አንድ ሚስማር መትተን ሰቀልናት። አማረች። በሦስተኛው ሌሊት ወደቀች። ትንሹ ልጃቸው እዚያው መደብ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሳህኗ ከራሱ አንድ ስንዝር ርቃ አረፈች። ከተነጠፈው አጎዛ ላይ ስለወደቀች አልተሰበረችም። እማማ ግን ሳህኗን ዞር ብለውም አላዩ፤ ልጁን አቅፈው እስኪነጋ ተቀመጡ። እኛም አንገታችንን ደፍተን አነጋን።

ሲነጋ ግድግዳውን አየነው። ሚስማሩ የገባው ምርጊቱ ውስጥ ብቻ ነበር። ምርጊት ጭቃና ጭድ ነው። ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል፤ ሚስማር ሲመታበት ግን ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፣ ሸክም ሲጎትተው ደግሞ እየፈረፈረ ይለቃል። ሸክም የሚችለው ከምርጊቱ ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ማገሩ ቀጭን ስለሆነ አይታመንም።

ታዲያ ቋሚው የት እንዳለ በምን ይታወቃል? ግድግዳውን በጣት አንጓ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያልን እናንኳኳለን። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ በቀጭን ሚስማር እንሞክራለን። ጭቃ ከሆነ ሚስማሩ ዝም ብሎ ይገባል፤ እንጨት ከሆነ እምቢ ይላል። በቀላሉ ገብቶ ሲነቀል የእንጨት ብናኝ ይዞ ከወጣ ቋሚውን ምስጥ በልቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ቋሚ ይፈለግ። ባሕር ዛፍን ምስጥ ይደፍረዋል፤ ጥድና ወይራ ይሻላሉ።

ዋናው ሚስማር ከምርጊቱ አልፎ ሦስት ጣት ያህል ከእንጨቱ ውስጥ ይግባ። ራሱ ወደ ላይ ቀና፣ ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይመታ፤ እንዲያ ከሆነ ማንጠልጠያው አይንሸራተትም።

ሳህኑን በሚስማር መብሳት አይገባም። ሸክላ ይሰነጠቃል፤ የብረት ሳህን ደግሞ ቀለሙ ተላልጦ ይዝጋል። ሁለት ሽቦ ከሳህኑ ጀርባ አቋርጦ መሐሉን መጠምዘዝ ነው፤ ከዚያ አራቱን ጫፎች እንደ ጥፍር አጥፎ ከንፈሩን ማስያዝ። ሽቦው እንዳይፍቀው ጨርቅ ይጠቅለልበት። ማንጠልጠያውም ሽቦ ይሁን። ጠፍርና የቃጫ ገመድ አይጥ ይበላዋል። ሰፌድ እንኳ ቀላል ነው፣ ቢወድቅም ሰው አይጎዳም።

ሳህኑ ከመሰቀሉ በፊት ሚስማሩ ይፈተን። የሳህኑን እጥፍ የሚመዝን ጠጠር በአቅማዳ አድርጎ አንጠልጥሎ ማሳደር ነው። ሰው ከሚተኛበት መደብ በላይ፣ ከምድጃ በላይ፣ በር ሲዘጋ ከሚናወጥ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ምርጊቱ ስለሚላላ ክረምት ሲወጣ ሚስማሩን ነካ ነካ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

የእማማን ሳህን ከመደቡ ማዶ ካለ የወይራ ቋሚ ላይ መልሰን ሰቀልናት። አቅማዳውን ራሳቸው ናቸው በጠጠር የሞሉት። አንድ ሌሊት ይበቃል ብንላቸው «አይሆንም» ብለው ሦስት ሌሊት አሳደሩት።