ያልተወደደ ምግብ በአሠራሩ ይወደዳል

በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ የተባለውን ስፍራ የማታውቅ የቤት እመቤት ጥቂት ናት። የማረቆው፣ የሀላባውና የቡሬው ዛላ በርበሬ በየጆንያው ተከምሮ ይታያል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ በሶብላውና ዝንጅብሉም በዚያው ይሸጣል። አላፊ አግዳሚውም ሳያስነጥስ አያልፍም። ይህ ስፍራ ስለ ምግብ ሥራ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ሰው «አልወደውም» ያለውን ምግብ የሚያስወድደው ብዙ ጊዜ ምክርና ተግሣጽ ሳይሆን የአሠራሩ ዘዴ መሆኑን ነው።

በርበሬን ራሱን እንመልከት። ተክሉ የተገኘው ከአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጨው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። እንግዲህ ወጣችን ከጥንት ጀምሮ በበርበሬ የቀላ አልነበረም። የበርበሬ ማቃጠል የሚነካው ትኩሳትንና ሕመምን የሚያስታውቀውን የነርቭ ክፍል እንደሆነ ያሳዩት ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ይህም ማለት ሰውነታችን ጥሬ በርበሬን የሚቀበለው እንደ እሳት ነው። ሆኖም ባለሙያዋ ሴት ትቀነጥሰዋለች፣ በፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመማ ቅመም ጋር አዋሕዳ ታስፈጨዋለች። ከዚያም በሽንኩርት ላይ ቀስ እያለች ታቁላላዋለች። በሚገባ ያልተቁላላ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፤ በሚገባ የተቁላላው ግን ጎረቤት ይጠራል። እህሉም ገበያውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከእጅ ነው።

ጥላቻው ከየት ይመጣል?

ሰው ምግብን የሚጠላበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ምግብ ሽታው ወይም ምሬቱ ያስጠላል። አንዳንዱ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ይፈራል። ሌላው ደግሞ «የችግር ቀን ምግብ» ተብሎ ስለሚቆጠር ጎረቤት ፊት ማቅረቡ ያሳፍራል።

መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሽታና ምሬት በማጠብ፣ በመዘፍዘፍ፣ በመቀቀልና በመቁላት ይወገዳሉ። እንግድነት በመደጋገም ይለቃል፤ ሕፃናት አዲስ ምግብን ለመቀበል ስምንትና ዐሥር ጊዜ ያህል መቅመስ እንደሚያስፈልጋቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ስለዚህ ልጅ አንድ ቀን ቢተፋው እናት ተስፋ አትቁረጥ። ኀፍረቱን የሚያስወግደው ደግሞ ምግቡን በታወቀና በተከበረ መልክ፣ ማለትም እንደ ወጥ ወይም እንደ ገንፎ፣ ማቅረብ ነው።

አኩሪ አተርና ሽታው

አኩሪ አተር ከክብደቱ በመቶ ከ35 እስከ 40 የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ይህም ከሽምብራና ከምስር እጅግ ይበልጣል። ሥጋና ወተት ለማይደርሰው ቤት ትልቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሽታውን አይወዱትም።

ሽታው እንዴት ይመጣል? ጥሬው ፍሬ ከውሃ ጋር ሲደቅቅ በውስጡ ያለ ኤንዛይም ቅባቱን ይለውጠዋል፤ ያ የሣር ሣር የሚለው ጠረን የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዱት፣ ፍሬው በፈላ ውሃ ከተፈጨ ኤንዛይሙ ሥራውን ሳይጀምር ይሞታል። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ ሆድን የሚያግድ ነገርም አለበት፤ እርሱንም የሚያጠፋው ሙቀት ነው።

በቤት ውስጥ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ፍሬውን ለቅሞ በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በሚፈላ ውሃ ውስጥ መጨመርና ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል። ከዚያ ልጣጩን አሽቶ ማውጣት፣ በፀሐይ ማድረቅ፣ ቀጥሎም መቁላት። አንድ እጅ አኩሪ አተር ከሦስት ወይም ከአራት እጅ ሽምብራ ወይም አተር ጋር ቀላቅሎ፣ በርበሬና ቅመም ጨምሮ እንደ ምጥን ሽሮ ማስፈጨት። ወጡ ሲሠራ ቁሌቱ በሚገባ ከበሰለ ቤተሰቡ የሚያውቀውን ሽሮ ይበላል።

ምላስ ብቻውን ዳኛ አይሁን

ጥላቻ ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። በጎጃም የሚበቅለው ግብጦ ይመራል፤ ምሬቱም የመርዝ ምልክት ነው። የአገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ቆልቶ፣ ውሃ እየለወጠ ለቀናት ይዘፈዝፈዋል፤ ምሬቱ ሲለቅ መርዙም አብሮ ይወጣል። በዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ራሱን ይጎዳል።

ጓያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አይመርም፤ ድርቅንም ስለሚቋቋም ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይገኛል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በብዛት የበላው ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል፤ የሰለለውም እግር አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወሎ በደላንታ ይህ በሽታ በብዙዎች ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት መልክ የበሉት ይበልጥ እንደተጎዱ፣ ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉት ግን አደጋው እንደቀነሰላቸው አመልክቷል። ለተራበ ሰው በጊዜ የሚደርሰው ስንዴና ማሽላ ሆድ መሙያ ብቻ ሳይሆን እግር የሚያድን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ለእርዳታ ሥራ ያለው ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲጠፋ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ሮበርት ፒል ከአሜሪካ በቆሎ አስገዙ። እህሉ ደረቅ ስለ ነበር በሚገባ ለመድቀቅ ደጋግሞ መፈጨት ነበረበት፤ ድንች ቀቅሎ መብላት የለመደው ሕዝብም አሠራሩን አያውቅም ነበር። ያልበሰለው በቆሎ ሆድ አሳመመ። ሕዝቡም ቢጫ ቀለሙን አይቶ «የፒል ድኝ» ብሎ ጠራው። እህሉ መጣ፤ የአበሳሰሉ ዕውቀት ግን ዘገየ።

በአገራችን ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በዚያው ዐሥርት ዓመት ፋፋን አዘጋጀ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት የተቀላቀሉበት ምግብ ነው፤ ነገር ግን እናቶች እንደሚያውቁት ገንፎና አጥሚት ይሠራል፤ ስሙም ልጅ ሲወፍር የምንለው የራሳችን ቃል ነው። እንግዳው ነገር በታወቀ ማሰሮ ገባ።

እንግዲህ፣ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እህል ከመጫኑ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባቸዋል። የዚህ መንደር እናቶች ይህን እህል በምን መልክ ያውቁታል? ለማብሰያ የሚበቃ ማገዶና ወፍጮ አላቸውን? ማባያውስ ከየት ይመጣል? ስንዴና ዘይት ተሰጥቷቸው ጨው፣ ሽንኩርትና በርበሬ የሌላቸው ሰዎች ከዚያው ስንዴ ከፍለው ገበያ ቢያወጡ አንፍረድባቸው። ማባያ የፈለጉት ለቅንጦት አይደለም፤ የቀረው ስንዴ በልጆቻቸው አፍ እንዲገባ ብለው ነው።

በበጀት ላይ «በርበሬና ቅመም» የሚል መስመር ሲታይ ለአንዳንዱ ትርፍ ወጪ ይመስለዋል። ነገር ግን በየቤቱ ሳይበላ የሚቀር አንድ ኩንታል እህል ከአንድ ኪሎ በርበሬ እጅግ ይወደዳል። በየሰፈሩ ያለችውን ባለሙያ እናት ጠርቶ፣ አዲሱን እህል በእጇ ሰጥቶ «እስቲ ሠርተሽ አሳዪን» ማለትም ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።